ጦር ኃይሎች ላይ የሚያልቀው ባቡርና የቤቴል ሠራተኛ፤ ስለ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር አቀማመጥ የቀረበ ሒስ

፩. መግቢያ

ስለ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሚነገረው ሁሉ ተጠቃሎ ቢታይ ከሁለት ዐይነት ፍርድ አያልፍም። አንደኛው ወገን፣ ከተማችን እጅግ የተዘረጋች፣ ሥራውም በየስፍራው የተበተነ ስለ ሆነ፣ ባቡሩ ከመነሻውም ለአዲስ አበባ የሚስማማ ነገር አልነበረም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ጉድለቱ የሐዲዱ ማጠር ብቻ ነው፤ ወደ አራቱም ማዕዘን ቢቀጠል ነገሩ ሁሉ ይቃናል ብሎ ይከራከራል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ፍርዶች በየተራ መርምረን፣ ሁለቱም አንድ ዋና ነገር እንደ ዘነጉ ለማሳየት እንሞክራለን። የተዘነጋውም ተሳፋሪው ከአንዱ ማጓጓዣ ወርዶ በሌላው የሚሳፈርበት ቦታ፣ ማለት መሸጋገሪያው ነው።

ለምርመራችን የመረጥነው ሰፈር በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቤቴል ነው። ቤቴል ከጦር ኃይሎች በስተ ምዕራብ፣ ከዐየር ጤና ወደ ሰሜን አለፍ ብሎ፣ ከወይራ ሰፈርና ከዓለም ባንክ ጋራ ተጐራብቶ ይገኛል። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ 428,895 ነበር፤ የመላው ከተማ ሕዝብ ደግሞ 2,739,551 ነበር። በዚያን ጊዜ ከነበሩት ዐሥር ክፍለ ከተሞች በሕዝብ ብዛት የሚበልጠው ይህ ነበር ማለት ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ የምሥራቅ ምዕራቡ የባቡር መስመር ከአያት ተነሥቶ ከተማውን አቋርጦ ሲመጣ፣ የሚቆመው ከዚሁ ክፍለ ከተማ ደጃፍ፣ ከጦር ኃይሎች ላይ ነው። እንግዲህ የቤቴል ሰው ባቡሩን ያያል፤ ይሰማዋል፤ ነገር ግን ከቤቱ ወጥቶ ሊሳፈርበት አይችልም። የጠቅላላው ጥያቄ መልክ በዚህ ሰፈር ጐልቶ የሚታየው ስለዚህ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስለ አገራችን የተጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው። የውጭ አገሮቹ ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፈዋል።

፪. የመስመሩ አቀማመጥ

ቀላል ባቡሩ የተሠራው በኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ባለቤትነት፣ በቻይና የምድር ባቡር ኩባንያ ሥራ ተቋራጭነት ነው። የወጣበት ገንዘብ 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ ከመቶ 85 እጁ ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ያለው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለው ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያው 16.9 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው 17.4 ኪሎ ሜትር ያኽል ይረዝማል። ሁለቱ መስመሮች እያንዳንዳቸው 22 ጣቢያ አላቸው፤ ከነዚህም ውስጥ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ እድና ልደታ የጋራ ናቸው። ስለዚህ የጣቢያው ጠቅላላ ቍጥር 39 ነው። ዋጋው ሥራ በጀመረበት ዘመን እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር።

ይህን አቀማመጥ በወረቀት ላይ የተመለከተ ሰው የሚያየው አንድ መስቀል ነው። ሁለቱ ክንዶች በከተማው መካከል ይገናኛሉ፤ ጫፎቹም ወደ አራቱ ማዕዘናት ይወጣሉ። እንዲህ ያለው ቅርጽ በራሱ አንድ አሳብ ይዟል። አሳቡም የከተማው ሥራ በመካከል፣ የከተማው ቤት በዳር ነው የሚል ነው። ጧት ሁሉም ወደ መካከል ይገባል፤ ማታ ሁሉም ወደ ዳር ይወጣል።

ይህ አሳብ ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለም። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ለገሃር የከተማው በር ሆነ። በ1957 ዓ.ም. ገደማ ፈረንሳዊው ደ ማሪየን ያዘጋጀው ፕላንም ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ለገሃር የሚወርደውን ጐዳና የከተማው የጀርባ አጥንት አድርጎ ነበር። ቀላል ባቡሩ ይህንኑ የቈየ አሳብ በብረት ጻፈው እንጂ አልፈለሰፈውም።

፫. «የተበተነ ሥራ» ማለት ምን ማለት ነው?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ስትቈረቈር በአንድ አደባባይ ዙሪያ የተከማቸች ከተማ አልነበረችም። መኳንንቱ በየኮረብታው በሰፈሩበት፣ ጭፍራውና አገልጋዩ በዙሪያቸው በተተከለበት፣ በመካከሉም ሸለቆና ወንዝ በቀረበት ሁኔታ የተመሠረተች የሰፈሮች ስብስብ ነበረች። እስከ ዛሬ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ገዳም ሰፈር እያልን የምንጠራው የዚያን ዘመን ምልክት ነው። በኋላም ኢጣልያ አገራችንን በያዘበት ዘመን ዋናው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ተመሠረተ። ፋብሪካዎች ወደ አቃቂና ወደ ቃሊቲ ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ቦሌና መገናኛ የንግድና የቢሮ ሥፍራ ሆኑ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራም ሕዝቡን ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ ወሰደው።

በዚህ ምክንያት የከተማው ሥራ የተበተነ ነው መባሉ እውነት ነው። ነገር ግን የመበተኑ ዐይነት ሁለት እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው እንደ ቋጠሮ በልዩ ልዩ ቦታ የተሰበሰበ ሥራ ነው። መርካቶ፣ ሜክሲኮ፣ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ቦሌ፣ መገናኛና ቃሊቲ ቋጠሮዎች ናቸው። ብዙ ቢሆኑም ይቈጠራሉ፤ ሊቈጠር የሚችል ነገር ደግሞ በመስመር ሊያያዝ ይችላል። ሁለተኛው ግን እንደ ጤፍ የተዘራ ሥራ ነው። የቀን ሠራተኛው ዛሬ የሚሠራው ሕንፃ ሲያልቅ ነገ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። በተመላላሽነት በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ሰኞ ለቡ፣ ረቡዕ ሲ.ኤም.ሲ. ልትሆን ትችላለች። ለእንዲህ ያለው ሥራ ብቻውን የሚበቃ አንድ መስመር በየትም አገር የለም።

አሁን ከቤቴል የሚነሡትን ሠራተኞች መንገድ ከዚህ ጋራ እናስተያይ። ሜክሲኮ ቢሮ የምትሠራ ጸሐፊ ከጦር ኃይሎች በአራተኛው ጣቢያ ትወርዳለች። ርቀቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ ለዚህ አጭር መንገድ ከታክሲ ወርዶ፣ ትኬት ቈርጦ፣ ባቡር ጠብቆ መሳፈር ብዙም አያተርፋትም። በቀጥታ ሜክሲኮ የሚያደርስ ታክሲ ካገኘች ይሻላታል። መርካቶ የሚነግድ ሰው ባቡሩን ልጠቀም ቢል መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ እስከ ልደታ ሄዶ፣ ወርዶ፣ ሌላ ባቡር ጠብቆ፣ ወደ ሰሜን እስከ ሰባተኛ ወይም እስከ አውቶቡስ ተራ መመለስ አለበት። መንገዱ እንደ ክርን የታጠፈ ስለ ሆነ እርሱም ታክሲውን ይመርጣል። አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎና ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ባቡሩ ጨርሶ አይደርስም። ወደ ሰበታ ፋብሪካዎች የሚሄደው ሠራተኛማ መንገዱ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ነው።

መገናኛ ወይም ጉርድ ሾላ፣ ሳሪስ ወይም ቃሊቲ የሚሠራውን ሰው ስንመለከት ግን ነገሩ ይለወጣል። ከጦር ኃይሎች እስከ መገናኛ 13 የጣቢያ ርቀት፣ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ያኽል ነው። በዚህ መንገድ ላይ ባቡሩ የልደታን፣ የሜክሲኮንና የስታዲየምን የመኪና መጨናነቅ በድልድይ ላይ ሆኖ ያልፈዋል። ከዚህ የምንረዳው ባቡሩ የሚጠቅመው በረጅም መንገድ ላይ መሆኑን ነው። ረጅም መንገድ ደግሞ ከቤት ደጃፍ ተነሥቶ እስከ ሥራ ደጃፍ በአንድ ማጓጓዣ የሚያልቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። እንግዲህ የባቡሩ ጥቅም በመሸጋገሪያው ላይ የተመሠረተ ነው ማለት ነው።

፬. የመጀመሪያው ፍርድ ሲመረመር

ባቡር ለተዘረጋ ከተማ አይስማማም የሚሉት ሰዎች ክርክራቸው ባዶ አይደለም። እንዲያውም እነርሱ ያላደረጉትን ስሌት እኛ እናድርግላቸው። የጋራውን ሐዲድ አንድ ጊዜ ብቻ ብንቈጥር ጠቅላላው መስመር ወደ 31.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንድ ሰው ወደ ጣቢያ ለመድረስ 800 ሜትር በእግሩ ቢሄድ፣ ባቡሩ የሚያገለግለው መሬት በግራም በቀኝም ተደምሮ 1.6 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው መቀነት ነው። ሲባዛ 50 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። የአዲስ አበባ ስፋት 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ፣ ይህ መቀነት ከከተማው ከዐሥር አንድ እጅ አይሞላም።

ሰውና ሥራ በመቀነቱ ውስጥ ከሌላው ቦታ ይልቅ የተከማቹ መሆናቸው አይካድም። ስለዚህ ለክርክር ያኽል ከቤቱ ሲሶው፣ ከሥራውም ሲሶው በመቀነቱ ውስጥ ነው እንበል። ይህም ሆኖ፣ ቤቱም ሥራው በመቀነቱ ውስጥ የሆነለት ሰው፣ ሁለቱ ነገሮች የተያያዙ ካልሆኑ በቀር፣ ከዘጠኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። ሥራ የተበተነበት ከተማ ባቡርን የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። ባቡሩ ተሳፋሪውን ከሁለት ጫፍ ማግኘት አለበት፤ አንዱ ጫፍ ከጐደለ ሁለተኛው ዋጋ የለውም።

ነገር ግን ይኸው ስሌት የክርክሩንም ድካም ይገልጣል። ከዘጠኝ አንድ የሚለው ውጤት የተገኘው ተሳፋሪው ወደ ጣቢያ የሚደርሰው በእግሩ ብቻ ነው ብለን ስለ ተነሣን ነው። ከጦር ኃይሎች ጣቢያ እስከ ቤቴል፣ እስከ ወይራና እስከ ዓለም ባንክ በየጊዜው የሚመላለስ መጋቢ አውቶቡስ አለ ብንል፣ መቀነቱ በዚያ በኩል በብዙ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። አንድ ሜትር ሐዲድ ሳይጨመር ሲሶው እኩሌታ ቢሆን፣ ከዘጠኝ አንድ የነበረው ከአራት አንድ ይሆናል። ስለዚህ ባቡሩን የሚያጠበው የከተማው መዘርጋት ብቻ ሳይሆን፣ ባቡሩ ከሌሎቹ ማጓጓዣዎች ጋራ አለመገናኘቱ ነው።

ከዚህም በላይ ፈላጊ የለውም የሚለውን አሳብ ባቡሩ ራሱ ያስተባብላል። ጧትና ማታ ባቡሩ እስከ በሩ ድረስ ሰው ሞልቶት፣ ጣቢያ ላይ የቀረው ተሳፋሪ የሚቀጥለውን ሲጠብቅ የማይታይበት ቀን ጥቂት ነው። ችግሩ ባቡሩ ተሳፋሪውን መሸከም አለመቻሉ ነው። ከተገዙት 41 ባቡሮች ውስጥ አብዛኞቹ በመለዋወጫ ዕቃ እጦትና በጥገና ጉድለት ከሥራ ውጭ ሆነው መቈየታቸው በይፋ የተነገረ ነገር ነው።

፭. ሁለተኛው ፍርድ ሲመረመር

ሐዲዱ ይቀጠል የሚሉትም የሚናገሩት ከሜዳ ተነሥተው አይደለም። መስመሩ በኋላ ወደ አራቱም ማዕዘን እንደሚቀጥል ከመጀመሪያው የተነገረ አሳብ ነበር። የቤቴልም ሰው ተስፋ አድርጎ የጠበቀው ይህንኑ ነው። ስለ ተስፋው አንነቅፈውም። ነገር ግን ስሌቱን እንመልከት።

ለጠቅላላው ሥራ የወጣው ገንዘብ በመስመሩ ርዝመት ሲካፈል ለአንድ ኪሎ ሜትር 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይደርሳል። በዚያው በቀድሞው ዋጋ እንኳ ጦር ኃይሎች ላይ 4 ኪሎ ሜትር ለመቀጠል ከ55 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ ያስፈልጋል። ይህ ገንዘብ ቢገኝና ሐዲዱ ቤቴል ቢደርስ፣ ዛሬ ቤቴል ያለበት ዕጣ ነገ ለካራ ቆሬና ለቀራንዮ ይደርሳል። መስመር ምንም ቢረዝም ጫፍ አለው፤ ከጫፉም በኋላ ሁልጊዜ ሰው አለ። ጫፉ ላይ የሚደረገውን ያላወቀ ዕቅድ ጫፉን ወደ ፊት ይገፋዋል እንጂ አያስወግደውም።

ሌላም የማይታሰብ ነገር አለ። ባቡሩ በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል፣ ከአያት ጦር ኃይሎች 52 ደቂቃ ይፈጅበታል። ደርሶ መልሱ በሁለቱ ጫፍ ከሚያርፍበት ጊዜ ጋራ ወደ 110 ደቂቃ ይሆናል። በመስመሩ ላይ 20 ባቡር ቢኖር በየአምስት ደቂቃ ተኩሉ አንድ ይደርሳል። 5 ባቡር ብቻ ቢኖር ግን በየ22 ደቂቃው አንድ ይሆናል። አሁን በዚያው በአምስቱ ባቡር ላይ 4 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ብንቀጥል፣ ደርሶ መልሱ 134 ደቂቃ፣ ልዩነቱም ወደ 27 ደቂቃ ይደርሳል። ባቡር ሳይጨመር ሐዲድ ቢጨመር፣ የቤቴል ሰው ሲደሰት ከአያት እስከ ልደታ ያለው ሰው ሁሉ ይበልጥ ይጠብቃል ማለት ነው። ስለዚህ የቆሙትን ባቡሮች ማስነሣት ከማንኛውም ቅጥያ መቅደም ያለበት ሥራ መሆኑን ለማስረዳት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

፮. ጦር ኃይሎች፤ መጋጠሚያው

አሁን ወደ ዋናው አሳባችን ደርሰናል። የቤቴል ሠራተኛ ጧት በ12 ሰዓት ከቤቱ ወጥቶ ታክሲ ተራ ይሰለፋል። ታክሲው ጦር ኃይሎች ያደርሰዋል፤ ሒሳቡን ለረዳቱ ከፍሎ ይወርዳል። ከዚያ አደባባዩንና የቀለበት መንገዱን መኪና ተከላክሎ ወደ ባቡር ጣቢያው ይሄዳል። እንደ ገና ተሰልፎ ትኬት ይቈርጣል። ባቡሩ የሚመጣበትን ሰዓት በትክክል የሚነግረው ነገር ስለሌለ ቆሞ ይጠብቃል። በክረምት ከታክሲው እስከ ጣቢያው ዝናብ ይመታዋል። መገናኛ ሲወርድ ሥራው ከዚያ ራቅ ያለ ከሆነ፣ ሦስተኛ ሰልፍና ሦስተኛ ክፍያ ይጠብቀዋል።

ይህን ስንዘረዝር ከማጓጓዣዎቹ አንዱንም ለብቻው መውቀሳችን አይደለም። ታክሲው የታክሲን፣ ባቡሩ የባቡርን፣ አውቶቡሱም የአውቶቡስን ሥራ ይሠራል። ነገር ግን በመካከላቸው ያለውን መቶ ወይም ሁለት መቶ ሜትር እንደ ሥራው የሚቈጥረው የለም። ተሳፋሪው ግን ከቀኑ ውስጥ የሚሰለቸውን ሰዓት የሚያሳልፈው በዚያች መቶ ሜትር ላይ ነው። የባቡሩ ፕላን ጣቢያዎቹን በአማካይ በ800 ሜትር ልዩነት በጥንቃቄ አስቀምጧል። ከጣቢያው በር ውጭ ያለውን ግን ለሌላ ሰው ትቶታል፤ ያ ሌላ ሰው ማን እንደ ሆነ አልተወሰነም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ አዲሱ ምድር ባቡር እንኳ የመንገደኛ ጣቢያው ፉሪ ለቡ ሆኖ፣ ከቀላል ባቡሩ ጋራ በሐዲድም በጣቢያም አይገናኝም። አንድ አገር በአንድ ዘመን የሠራቸው ሁለት ባቡሮች በአንድ ከተማ ውስጥ ሳይተዋወቁ ቀሩ።

ስለ ታክሲዎች አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ተሳፋሪው ሁሉ የሚያማርረው ባለ ታክሲው ታፔላው ላይ የተጻፈውን መስመር እየቈራረጠ ሁለት ጊዜ ማስከፈሉን ነው። ለምሳሌ ከቤቴል ሜክሲኮ መሄድ የሚገባው ታክሲ ጦር ኃይሎች ላይ አራግፎ ይመለሳል። ይህ በሕግ ጥፋት ነው፤ በተሳፋሪውም ኪስ ላይ ጉዳት ነው። ነገር ግን ምክንያቱን ስንመረምር፣ ባለ ታክሲው በተጨናነቀው የሜክሲኮ መንገድ ላይ ነዳጅ ከማቃጠል ይልቅ፣ በአጭሩ መንገድ ቶሎ ቶሎ መመላለስ የሚያዋጣው ሆኖ እናገኘዋለን። እንግዲህ ባለ ታክሲው በገዛ ጥቅሙ ተመርቶ የሚያደርገው ነገር መጋቢ መስመር ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ነው። የጐደለው፣ ከጦር ኃይሎች ወዲያ ያለውን መንገድ ባቡሩ በዚያው በተከፈለው ሒሳብ እንዲቀበለው የሚያደርግ ሥርዓት ነው። ሥርዓት ቢበጅለት ዛሬ መቈራረጥ ተብሎ የሚነቀፈው ነገር አገልግሎት ይሆናል።

ለሠራተኛው ቀላል ነገር እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። አንዳንድ ሰዎች መፍትሔው ሰው በሥራው አጠገብ ቢኖር ነው ይላሉ። ነገር ግን ባል ቃሊቲ ፋብሪካ፣ ሚስት መርካቶ፣ ልጅ ስድስት ኪሎ ትምህርት ቤት የሆኑበትን አንድ ቤተ ሰብ እናስብ። ይህ ቤተ ሰብ በየትኛው ሥራ አጠገብ ይኑር? ኪራይ የሚቀንስለት ከዳር ነው፤ ስለዚህ ቤቴል ይኖራል። ቀን ከቀን በሦስት አቅጣጫ ይበተናል፤ ማታ ይሰበሰባል። በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚከፈለው ድርብ ሒሳብ ከምግቡና ከኪራዩ ላይ የሚቈረጥ ነው። በሰልፍ የሚያልፈውም ሰዓት እናት ከልጇ፣ ተማሪም ከመጽሐፉ የሚነጠቁት ሰዓት ነው።

፯. ከሌሎች ከተሞች የሚገኝ ትምህርት

በሰሜን አሜሪካ ሁለት ከተሞች ለንጽጽር ይጠቅሙናል። ሎስ አንጀለስ ሥራውም ቤቱም እጅግ የተበተነ ከተማ ነው። በቀድሞ ዘመን ሰፊ የኤሌክትሪክ ባቡር መረብ ነበረው፤ የመጨረሻው መስመር በ1961 ተዘጋ። በ1990 እንደ ገና ባቡር መሥራት ጀመረ፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ሐዲድ ዘረጋ። ይህም ሆኖ በዚያ ከተማ አብዛኛው የሕዝብ ማጓጓዣ ተሳፋሪ እስከ ዛሬ የሚጓዘው በአውቶቡስ ነው። ሐዲድ መርዘሙ ብቻውን የተበተነ ከተማን አላገናኘም።

ቶሮንቶም ዙሪያውን በተዘረጉ ሰፈሮች የተከበበ ከተማ ነው። የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር በ1954 ሲከፈት መስመሩ አጭር ነበር። ነገር ግን ከዳር የሚመጡት አውቶቡሶችና ትራሞች እስከ ባቡሩ ጣቢያ ድረስ እንዲመጡ፣ በብዙ ጣቢያዎችም ከውስጥ ገብተው እንዲያራግፉ ተደረገ። ተሳፋሪው ሲሸጋገር እንደ ገና አይከፍልም። በዚህ ዘዴ አጭሩ ሐዲድ ሩቅ ሰፈሮችን ሊያገለግል ቻለ። በብራዚል አገር የኩሪቲባ ከተማም ከ1974 ጀምሮ ያለ አንድ ባቡር፣ በልዩ መንገድ በሚሄዱ አውቶቡሶችና በመጋቢ መስመሮች ብቻ ተመሳሳይ ነገር ሠርቷል።

በርግጥ ቶሮንቶ ሀብታም ከተማ ነው፤ ማጓጓዣዎቹም በአንድ ድርጅት ሥር ናቸው። የእኛው ግን ባቡሩ ለብቻው፣ አውቶቡሱ ለብቻው፣ ታክሲው በሺህ የሚቈጠሩ ባለንብረቶች ሀብት ነው። ልዩነቱን አንሸሽግም። ነገር ግን ከቶሮንቶ የምንወስደው ዋና ነገር ሐዲዱ ወይም መኪናው ሳይሆን ስምምነቱ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የሚያስረው የአንዱ ክር ውፍረት አይደለም።

፰. መደምደሚያ

ከፍ ብለን የመረመርነውን ባጭሩ እንሰብስብ። የከተማው መዘርጋትና የሥራው መበተን እውነት ነው፤ ባቡሩን ግን ከንቱ አያደርገውም። የሐዲዱ ማጠር እውነት ነው፤ ማስረዘሙ ግን ብቻውን አያድንም። ባቡሩ የሚጠቅመው ረጅም መንገድ ላለው ሠራተኛ ነው፤ ያም ሠራተኛ ሁልጊዜ ተሸጋጋሪ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ዋናው ጉድለት እንደ መስመር ታስቦ እንደ መረብ አለመታሰቡ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ለጦር ኃይሎች የሚያስፈልጉ የሚመስሉንን ነገሮች በቅደም ተከተል እናቀርባለን። አንደኛ፣ የቆሙት ባቡሮች ተጠግነው ልዩነቱ ቢያንስ ጧትና ማታ እንዲያጥር። ሁለተኛ፣ ከቤቴል፣ ከወይራ፣ ከዓለም ባንክና ከዐየር ጤና የሚመጣው አውቶቡስና ታክሲ ከጣቢያው በር አጠገብ የሚያራግፍበትና የሚጭንበት፣ ጣራ ያለው ቦታ እንዲበጅ። ሦስተኛ፣ በአንድ ክፍያ ከመጋቢው ወደ ባቡሩ መሸጋገር እንዲቻል፤ ይህም በከተማው አውቶቡሶች ተጀምሮ በኋላ በማኅበር ለተደራጁት ታክሲዎች እንዲደርስ። አራተኛ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ወደ ሥራ ለሚወጡትና ማታ አምሽተው ለሚገቡት መጋቢው እንዳይቋረጥ። ሐዲዱን ወደ ምዕራብ የመቀጠሉ ጥያቄ ከነዚህ በኋላ ቢመጣ ይሻላል፤ በዚያን ጊዜ የተሳፋሪው ብዛት ራሱ መልሱን ይሰጣል።

በመጨረሻም ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ አሳብ እናቅርብ። ከዚህ ጽሑፍ ስሌቶች አንዳንዶቹ በመላ ምት ላይ የቆሙ እንደ ሆኑ አንባቢ ተመልክቷል። ሲሶ ነው ያልነውን በቈጠራ መተካት የሚቻለው ሰው ጦር ኃይሎች ላይ ቆሞ፣ ከታክሲ የሚወርደው ሰው ስንቱ ወደ ባቡር፣ ስንቱ ወደ ሌላ ታክሲ እንደሚሄድ፣ ምን ያኽል ደቂቃ እንደሚጠብቅ፣ ስንት ጊዜም እንደሚከፍል በየሰዓቱ ሲመዘግብ ነው። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እርሳስና ደብተር፣ ሁለት ሳምንትም ይበቃዋል። በጂኦግራፊ፣ በኢኮኖሚክስና በምሕንድስና ክፍሎች ያሉ መምህራን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች ይህን ቈጠራ ቢሰጧቸው፣ ስለ ባቡሩ የሚደረገው ክርክር ከግምት ወደ ማስረጃ ይሸጋገራል። ቈጠራውም በመጀመሪያ ጧት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከቤቴል በኩል በሚመጣው መንገድ ላይ ቢደረግ ይመረጣል።